«ማን አሳየህ?» ብሎ መጠየቅ የሽማግሌ ሥራ ነው

በእስራኤል ጣሪያ ላይ ፀሐይን ማሠራት አዲስ ነገር አይደለም። ከ1980 ወዲህ የተሠሩ አብዛኞቹ የመኖሪያ ቤቶች ውሃ የሚያሞቅ የፀሐይ ቦይለር እንዲኖራቸው ሕግ አዝዟል። ከኢትዮጵያ የመጡ ብዙ ቤተሰቦችም «ዱድ ሸሜሽ» የሚለውን ቃል ዕብራይስጥ በቅጡ ሳይለምዱ ነው የለመዱት። አሁን ግን ወደ ጣሪያ የሚወጣው ሌላ ነው፤ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው የፀሐይ ፓነል። መንግሥት በ2020 ባሳለፈው ውሳኔ እስከ 2030 ድረስ ከአገሪቱ ኤሌክትሪክ 30 በመቶው ከታዳሽ ኃይል እንዲመጣ ግብ አስቀምጧል። በዚህ የተነሳ ፓነል በትምህርት ቤት ጣሪያ፣ በፋብሪካ፣ በከብት በረት፣ በመኪና ማቆሚያና በጸሎት ቤት ላይ ሳይቀር እየተዘረጋ ነው። በነጌቭና በአራቫ ደግሞ ሜዳው ራሱ ፓነል ለብሷል።

ይህ ሁሉ ፓነል በራሱ እግር አይሄድም። አንድ ሰው ከመኪና ያወርደዋል፣ አንድ ሰው ማሰሪያውን ይቆርጠዋል፣ አንድ ሰው ከእሽጉ አውጥቶ ይሸከመዋል። ስለ ፀሐይ ኃይል ሲወራ የሚነሳው ዋጋው፣ የኤሌክትሪክ ባለሙያውና ከኤሌክትሪክ ድርጅት ጋር የሚደረገው ውል ነው። ስለሚያራግፈው ሰው ብዙም አይወራም። የማራገፉ ሥራ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው ትናንት ለተቀጠረው ነው። ከወታደርነት እንደወጣ ለትምህርት ገንዘብ የሚያጠራቅመው ልጅ፣ ወይም ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ በ«ጹር ይስራኤል» ዘመቻ መጥቶ ቋንቋውን ገና የሚማረው አባወራ ሊሆን ይችላል። ሽማግሌዎች በየከተማው፣ በአሽዶድም ሆነ በነታንያ፣ በቅርያት ጋትም ሆነ በአፉላ፣ እንዲህ ያለ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ አያጡም።

ስለዚህ ጉዳዩ የቴክኒክ ብቻ ነው ብሎ ለካብላኑ መተው ስህተት ነው። ፓነል የታሸገበትን ሚሽታህ መክፈት ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ በትክክል ካልተሠራ ሰው ይጎዳል። ልጆቹ ይህን ሙያ ሳይማሩ እጃቸውን እንዳያስገቡ ለማድረግ ደግሞ ከማንም በላይ ቃሉ የሚሰማው ሽማግሌው ነው።

አንድ ቶን ቆሞ ሲጠብቅ

መጀመሪያ ምን እንደሆነ ማወቅ ይጠቅማል። አንድ ፓነል ከ20 እስከ 30 ኪሎ ግራም አካባቢ ይመዝናል፤ ከፊትም ከኋላም መስታወት የሆነው ትልቁ ዓይነት ከ30 ኪሎም ያልፋል። ትልልቆቹ ርዝመታቸው ከ2 ሜትር በላይ፣ ስፋታቸው ከ1 ሜትር በላይ ነው። ከፋብሪካ ሲመጡ 30 እና ከዚያም በላይ ሆነው በአንድ የእንጨት ሚሽታህ ላይ ይደረደራሉ፣ በካርቶን ይሸፈናሉ፣ በፕላስቲክ ማሰሪያ ይጠፈራሉ። ክብደቱ ሲደመር ወደ አንድ ቶን ይጠጋል።

ዋናው ነገር አደራደሩ ነው። ፓነሎቹ እንደ እንጀራ አንዱ በአንዱ ላይ የተነባበሩ አይደሉም። አብዛኛውን ጊዜ እንደ መጽሐፍ መደርደሪያ በጠርዛቸው ቆመው ነው የሚመጡት። ይህን ሁሉ ቀጥ አድርጎ የያዘው ካርቶኑና ማሰሪያው ነው። ማሰሪያው ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲቆረጥ የሚይዛቸው ነገር የለም። መሬቱ ትንሽ ካዘነበለ፣ ወይም አንድ ሰው ከአንድ ወገን ጎትቶ ካወጣ፣ የቀረው ተያይዞ ይወድቃል። አንድ ፓነል እግር ላይ ቢወድቅ ያቆስላል። ሃያው ተያይዞ ሰው ላይ ቢወድቅ ግን ከአራት ኩንታል የማያንስ ክብደት ነው።

በጎንደርና በትግራይ ገጠር ያደገ ሽማግሌ ይህን ለመረዳት መሐንዲስ አያስፈልገውም። አህያ ላይ ጭነት ግራና ቀኝ ተመዛዝኖ ነው የሚጫነው። ሲራገፍ አንድ ሰው አንዱን ወገን ብቻ ፈትቶ ቢያወርድ፣ ሌላው ወገን ኮርቻውን ይዞ ይዞራል፤ አህያዋም ትወድቃለች። ስለዚህ አንዱ ሲፈታ ሌላው ይደግፋል። ማንም መጽሐፍ አላስተማረውም፣ አባቱ ነው ያሳየው። የገበያ ሸክላም እንዲሁ ነበር። በወለቃ ሴቶች የሠሩት ገንቦና ጀበና ለገበያ ሲወጣ ማንም እንደ ማገዶ አይወረውረውም፣ ወጣ ገባ መሬት ላይም አያቆመውም። የፓነሉ ሚሽታህ የገንቦንም የአህያ ጭነትንም ባሕርይ በአንድ ላይ ይዟል፤ ይሰበራልም፣ ይገለበጣልም።

መኪናው ሲደርስ

ትክክለኛው አሠራር ረጅም አይደለም፤ ግን ቅደም ተከተል አለው።

መኪናው እንደደረሰ፣ ምንም ሳይወርድ፣ እሽጉ ይታያል። ካርቶኑ ተቀዷል? ርሷል? አንድ ወገን አዘንብሏል? ማሰሪያው ላልቷል? ጉዳት ካለ ፎቶ ይነሳል፣ ከዚያም በማስረከቢያው ወረቀት በ«ተዑዳት ሚሽሎአህ» ላይ ከፊርማው በፊት ይጻፋል። ከተፈረመ በኋላ «ተሰብሮ ነው የመጣው» ማለት ክርክር ነው። አባቶች «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» የሚሉት ለዚህ ዓይነቱ ነገርም ይሠራል። ያዘነበለ እሽግ ደግሞ የገንዘብ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ማሰሪያው ሲቆረጥ ወዴት እንደሚወድቅ ከወዲሁ እየተናገረ ነው።

ማውረጃው በማልገዛ ነው፤ ማልገዛውን የሚነዳውም ፈቃድ ያለው ሰው ነው። የማልገዛው ሹካ የሚሽታሁን ሙሉ ስፋት የሚሸከም መሆን አለበት። አጭር ሹካ ፊተኛውን ብቻ ያነሳና ኋለኛውን ያዘነብላል። ጭነቱ ዝቅ ብሎ፣ በዝግታ ይጓዛል። በዚህ ጊዜ በአጠገቡ ማንም አይቆምም። በተለይ አንድ ልማድ መቅረት አለበት፦ ጭነቱ ሲወዛወዝ አንድ ጎበዝ ሮጦ በእጁ ሊደግፈው መሞከሩ። አንድ ቶን የሚገፋ ክንድ የለም። ሚሽታሁ ይውደቅ፣ ይሰበር፤ ፓነል ይገዛል።

የሚቀመጥበት መሬት ጠንካራና የተስተካከለ ይሁን። ዝናብ ያራሰው አፈር ላይ የተቀመጠ ሚሽታህ ሌሊቱን አንድ እግሩ ይሰምጥና ጠዋት አዘንብሎ ይገኛል። ካርቶንም ሲርስ ጉልበቱ ያልቃል። ፋብሪካው በእሽጉ ላይ ካልፈቀደ በቀር ሚሽታህ በሚሽታህ ላይ አይጫንም። የሚራገፈው ፓነል ወደሚሰቀልበት ቦታ ይጠጋ፤ የሸከም መንገዱ ባጠረ ቁጥር ስህተቱም ያንሳል።

ከዚያ መክፈት። የውጪው ፕላስቲክና ክዳኑ መጀመሪያ ይነሳል። ፓነሎቹን የያዘው ማሰሪያ ግን መደገፊያ ሳይዘጋጅ አይቆረጥም። መደገፊያው ጠንካራ ግድግዳ፣ ለዚሁ የተሠራ የብረት ወይም የእንጨት ማቆሚያ ሊሆን ይችላል። ፋብሪካው ከእሽጉ ጋር የሚልከው ሥዕል አለ፣ በየትኛው ወገን እንደሚደገፍና ከየትኛው ወገን እንደሚጀመር ያሳያል። ሥዕል ስለሆነ ዕብራይስጥም እንግሊዝኛም ለማያነብ ሰው ይገባል። ማሰሪያውን የሚቆርጠው ከፊት ለፊት ሳይሆን ከጎን ቆሞ ነው፤ የተወጠረ ማሰሪያ ሲበጠስ እንደ ጅራፍ ይመታል፣ ዓይንም ያጠፋል። ጓንትና የዓይን መነጽር ያስፈልጋል። ቢላዋው ወደ ፓነሉ ጀርባ እንዳይገባ ይጠበቅ፤ የጀርባው ሽፋን ሲጫር ኤሌክትሪኩን የሚከለክለው ልባስ ይበላሻል።

ፓነል አንድ በአንድ፣ በሁለት ሰው ነው የሚወጣው፤ ሦስተኛው ሰው የቀሩትን ይይዛል። የሚያዘው ከአሉሚኒየም ጠርዙ ነው። ከጀርባው ባለው የሽቦ ሳጥን ወይም በገመዱ ማንጠልጠል ክልክል ነው። በራስ ላይ አይሸከሙትም፤ አይቀመጡበትም፣ አይረግጡትም፣ በማዕዘኑ መሬት አያስነኩትም። ሲቀመጥ ከሥሩ ካርቶን ወይም እንጨት ይደረግለታል።

ሥራው ሳያልቅ ቀኑ ከመሸ ደግሞ የተረፈው እንደገና ይታሰራል። ይህ በተለይ ዓርብን ይመለከታል። ዓርብ ቀትር ላይ ሁሉም ሰንበት ሳይገባ ቤቱ ለመድረስ ይቸኩላል። ግማሹ የተከፈተ ሚሽታህ ማሰሪያው ተቆርጦ ጣሪያ ላይ ወይም ግቢ ውስጥ ሁለት ሌሊት ያድራል። ነፋስ ይነሳል፤ ቅዳሜ ልጆች ይጫወቱበታል፤ እሁድ ጠዋት መጀመሪያ የሚነካው ሠራተኛ ምን እንደሚጠብቀው አያውቅም። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የተባለው ለጤፍ ነበር፤ የተሰበረ መስታወት ግን አፍሶ መልቀምም እጅ ይቆርጣል። ዓርብ የሚመጣን ጭነት ወደ እሁድ ማዛወር፣ ወይም ሳይከፍቱ ማቆየት ቀላሉ መፍትሔ ነው።

ማብሪያ ማጥፊያ የለውም

ሌላው ብዙ ሰው የማያስተውለው፣ ፓነል ከካርቶኑ ወጥቶ ብርሃን እንዳየ ሥራ መጀመሩ ነው። ማብሪያ ማጥፊያ የለውም። አንዱ ብቻውን ከ30 እስከ 50 ቮልት ገደማ ይይዛል። ብዙዎቹ በተከታታይ ሲያያዙ ግን በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ይሆናል፤ በትልልቅ ቦታዎች 1,000 ቮልት እና ከዚያም በላይ ይደርሳል። ይህም ከቤት ግድግዳ ከሚገኘው ዓይነት የተለየ፣ አንድ ጊዜ ብልጭታ ከፈጠረ በቶሎ የማይጠፋ ኤሌክትሪክ ነው።

ስለዚህ ፓነል የሚያወጣ ሰው ቀለበቱንና የብረት ሰዓቱን ያወልቃል። የገመዱን ጫፎች አያገናኝም፤ የተገናኙትንም አይነቅልም። ያ የኤሌክትሪክ ባለሙያው ሥራ ነው። ገመዱ ውሃ በተኛበት ላይ አይጎተትም።

የተሰበረ ፓነልም ሞቷል ማለት አይደለም። መስታወቱ እንደ ሸረሪት ድር ተሰንጥቆም ፀሐይ ካገኘው ኤሌክትሪክ ይሰጣል፤ ስንጥቁ ውስጥ ውሃ ከገባ ደግሞ ይበልጥ አደገኛ ነው። በባዶ እጅ አይነካም። ለጓሮ ጥላ ይሆናል ተብሎ ወደ ቤትም አይወሰድም። በተቃራኒው፣ ሲወድቅ ያልተሰበረ የመሰለ ፓነል ውስጡ ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል። በዓይን የማይታይ ቀጭን ስንጥቅ በጊዜ ብዛት ኃይሉን ይቀንሳል፣ አንዱን ቦታ ያግለዋል። የጣለው ሠራተኛ ፈርቶ ዝም ካለ፣ ያ ፓነል ለሃያ ዓመት እና ከዚያ በላይ ይሠራል ተብሎ ጣሪያው ላይ ይሰቀላል። ለዚህ ነው «ወደቀብኝ» ያለ ሠራተኛ ሊመሰገን እንጂ ሊሰደብ የማይገባው።

ጨዋነትና «እሺ»

ይህን ሁሉ ሥራውን የሚያስተዳድሩት ያውቁታል። ደንቡም አለ። በ1999 የወጣው ለሠራተኞች መረጃና ሥልጠና ስለመስጠት የሚደነግገው ደንብ፣ ቀጣሪ ሠራተኛውን ስለሚያጋጥመው አደጋ እንዲያሠለጥን፣ ይህንም ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ እንዲደግም ያዛል። ከዚህም አልፎ ሠራተኛው ትምህርቱን መረዳቱን ቀጣሪው እንዲያረጋግጥ ይጠይቃል። በ2007 የወጣው በከፍታ ላይ ስለመሥራት የሚደነግገው ደንብ ደግሞ ሰው ከ2 ሜትር በላይ ሊወድቅ በሚችልበት ቦታ የሚሠራ ሁሉ ሥልጠና ወስዶ የምስክር ወረቀት እንዲይዝ ያስገድዳል። ጣሪያ ላይ ፓነል የሚያራግፍ ሰው በዚህ ውስጥ ይገባል። ዕድሜው 18 ያልሞላው እንዲህ ያለ ሥራ አይሠራም።

ታዲያ ችግሩ የት ነው? አንዱ ችግር «እሺ» የምትለዋ ቃል ነች።

በኢትዮጵያ ባደገ ቤት ልጅ ታላቁን አያቋርጥም። አለቃ ሲናገር ዝቅ ብሎ ይሰማል፣ ባይገባውም «እሺ» ይላል፤ ደግሞ መጠየቅ አለቃውን እንደ መናቅ ይቆጠራል። ይህ ጨዋነት በቤት ውስጥ ውበት ነው። በሥራ ቦታ ግን የካብላኑ ተወካይ ጠዋት በአምስት ደቂቃ ፈጣን ዕብራይስጥ ተናግሮ «ሄቫንታ?» ሲል፣ አዲስ የመጣው ሠራተኛ «ኬን፣ ኬን» ብሎ ወረቀቱ ላይ ይፈርማል። ያ ፊርማ «ተምሬአለሁ፣ ገብቶኛል» የሚል ነው። ሰውዬው ግን የተማረው ነገር የለም። አደጋ ቢደርስ መጀመሪያ የሚወጣው ያ ወረቀት ነው።

እዚህ ተወልዶ ዕብራይስጡን እንደ ውሃ የሚጠጣውም ልጅ ቢሆን ከዚህ አላመለጠም። እሱን የሚይዘው ቋንቋ ሳይሆን ስም ነው። «ሰነፍ» ወይም «ፈሪ» እንዳይባል፣ ብዙ ጊዜ በቦታው ብቸኛው ጥቁር ሠራተኛ ስለሆነ ደግሞ ሌላው ሁለት ለአንድ የሚያነሳውን እሱ ብቻውን ያነሳል። ብርታቱን ለማስመስከር ሲል ወገቡን ይሰጣል። ይህንን ሸክም ማንም አልጫነበትም የሚል ካለ፣ የሥራ ቦታውን አያውቅም።

ልጁን ከዚህ ነፃ ሊያወጣው የሚችለው የሚያከብረው ሰው ነው። «ልጄ፣ አልገባኝም ማለት ነውር አይደለም፤ ያልገባህን መፈረም ነው ነውሩ» የሚል አንድ ቃል ከአባቱ ወይም ከቄሱ አፍ ቢወጣ፣ ከአሥር ማስታወቂያ ይበልጣል። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የሚለውን አባባል ያቆዩት እነሱው ናቸው። የቤተ እስራኤል አባቶች አንጥረኞች ነበሩ። ወናፍ የሚነፋ ልጅ ቀን ቆጥሮ፣ ዓይቶ፣ ተቆጥቶ ተመክሮ ነው ጉጠት የሚጨብጠው። ማንም አባት የጋለ ብረት ለጀማሪ ልጅ ሰጥቶ «ቻለው» አላለም።

የጸሎት ቤቱ ጣሪያ

ጉዳዩ ወደ ሽማግሌዎች ይበልጥ የሚቀርብበት ሌላም በር አለ። የጸሎት ቤትና የማኅበር ቫዓዶች የኤሌክትሪክ ወጪ ለመቀነስ በጣሪያቸው ላይ ፓነል ስለማሰቀል ያስባሉ። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ በበጋ የአየር ማቀዝቀዣ ሂሳብ የሚከፍል ቫዓድ ሁሉ ያውቀዋል። አደጋው ከዚያ በኋላ ነው። ካብላኑ «ማራገፉን እናንተ ብትሠሩት ዋጋው ይቀንሳል» ይላል። ቫዓዱም «ወጣቶች አሉን፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃቸዋል» ብሎ ይስማማል። ምጽዋ ነው ተብሎም ይቀርባል።

ይህ ቁጠባ አይደለም። በጎ ፈቃደኛው ሠራተኛ ስላልሆነ ሥልጠና የለውም፤ መታጠቂያ የለውም፤ ጓንት እንኳ ከቤቱ ላይኖረው ይችላል። ሲጎዳም የተቀጠረ ሠራተኛ የሚያገኘውን አያገኝም። ሠራተኛ በሥራ ላይ ሲጎዳ አሠሪው ቅጽ 250 ሰጥቶት ሕክምናውን ይጀምራል፤ ከቢቱአህ ለኡሚ እስከ 91 ቀን ድረስ የጉዳት ክፍያ የማግኘት መብት አለው። በጎ ፈቃደኛ ግን በሕግ በታወቀ አካል በኩል ካልተላከ ይህ ዋስትና ላይሸፍነው ይችላል። በአንድ ከሰዓት በኋላ የተቆጠበው ጥቂት ሺህ ሼቄል በአንድ ልጅ እግር ወይም አከርካሪ ሊከፈል ይችላል። ያን ቀን ከቤተሰቡ ፊት የሚቆመው ካብላኑ አይደለም፤ ቫዓዱና ሽማግሌው ናቸው።

ጣሪያውም ራሱ ይጠየቃል። አንድ ቶን የሚመዝን ሚሽታህ በክሬን ወጥቶ በአንድ ነጥብ ላይ ሲቀመጥ ጣሪያው ይችላል ወይ? ይህን የሚመልሰው መሐንዲስ እንጂ ግምት አይደለም። አሮጌ የአስቤስቶስ ጣሪያ ወይም ብርሃን የሚያስገባ የፕላስቲክ ቁራጭ ያለበት ቤት ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው፤ የረገጠው ሰው ሰብሮት ወደ ውስጥ ይወድቃል። አስቤስቶስን መንካትና ማንሳት የ2011ዱ ሕግ የሚገዛው፣ ፈቃድ ላለው ሰው ብቻ የተተወ ሥራ ነው። ፓነልን በመሰላል ተሸክሞ መውጣት የሚባል ነገርም የለም፤ መሰላል የሚወጣ ሰው ሁለት እጁ ለመሰላሉ ነው።

ስለዚህ ቫዓዱ ውል ሲፈርም አንድ አንቀጽ በግልጽ ያስገባ፦ ማውረድ፣ ማውጣት፣ መክፈትና ባዶውን እንጨትና ካርቶን ማንሳት የካብላኑ ሥራ ነው፤ የሚሠሩትም የሠለጠኑ ሰዎች ናቸው። ጭነቱ በሚመጣበት ቀን ግቢው ይዘጋ፣ የልጆች ትምህርት ካለ ይዛወር። ወጣቶቹ ምጽዋ መሥራት ከፈለጉ ለሠራተኞቹ ቀዝቃዛ ውሃና ቡና ያቅርቡ። በሐምሌ ፀሐይ እሱም ትልቅ ምጽዋ ነው።

«እኛ ስንት ተሸክመናል»

አንዳንድ ሽማግሌ ይህን ሲሰማ ፈገግ ይላል። ኩንታል እህል ተሸክሞ ዳገት የወጣ፣ ልጅ አዝሎ በሱዳን በረሃ ያቋረጠ ትውልድ ነው፤ 30 ኪሎ መስታወት ምን ይሆናል? እውነት አለው። ክብደቱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ብዙ መናገር ባላስፈለገ።

ግን ኩንታል ነፋስ አይወስደውም። ትልቁ ፓነል 2.5 ካሬ ሜትር ያህል ስፋት አለው፣ ጣሪያ ላይ ሸራ ማለት ነው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ፊት ለፊት ቢያገኘው፣ የሚገፋው ኃይል ከራሱ ከፓነሉ ክብደት አያንስም። የተሸከመው ሰው ከጠርዙ ሁለት እርምጃ ላይ ቢሆንስ? ስለዚህ ነፋስ ሲበረታ ሥራው ይቆማል፤ ብርታት የሚለካው እዚያ ላይ አይደለም። ያ ትውልድ በረሃውን የተሻገረው በጉልበት ብቻ አልነበረም። ሌሊት መጓዝን፣ ቀን መደበቅን፣ መንገድ የሚያውቀውን ማስቀደምን መርጦ ነው። ያ ጥንቃቄ ፍርሃት ተብሎ አያውቅም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከወጣቶቹ ይመጣል። «ከጠየቅኩ ያባርረኛል፤ በእኔ ቦታ አሥር ሰው ቆሟል» ይላሉ። ይህ ባዶ ፍርሃት አይደለም፤ የቤት ኪራይ የሚጠብቀው ሰው በደንብ አይመገብም። ነገር ግን አንድ ልጅ ብቻውን ሲጠይቅ «አስቸጋሪ» ይባላል፤ ከአንድ ሰፈር የመጡ አምስት ልጆች አንድ ዓይነት ጥያቄ ሲጠይቁ የሥራው ደንብ ይሆናል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለውም ለዚህ ነው። ይህን አንድነት ማምጣት ማኅበረሰቡ የሚችለው ነገር ነው። ካብላኑም ቢሆን ከተሰበረ ፓነል፣ ከቆመ ሥራና ከፍርድ ቤት ይልቅ የሁለት ሰው ዋጋ ይሻለዋል።

ምን ይደረግ

ሽማግሌዎች የኤሌክትሪክ ትምህርት እንዲማሩ ማንም አይጠይቃቸውም። የሚጠየቁት የለመዱትን እንዲያደርጉ ነው፤ መጠየቅ። ሰንበት ላይ፣ ቡና ሲፈላ፣ ልጁ «በፀሐይ ሥራ ገባሁ» ሲል ከደመወዙ በፊት ጥቂት ነገር ይጠየቅ። ሚሽታሁን እንዴት እንደሚከፈት ማን አሳየህ? በምን ቋንቋ? ከማን ጋር ነው የምታነሳው? ጣሪያ የምትወጣ ከሆነ የምስክር ወረቀትህ የት አለ? ነፋስ ሲነሳ ሥራው ይቆማል? መልሱ «እኔ እንጃ» ከሆነ፣ እሁድ ጠዋት አለቃውን እንዲጠይቅ ይመከር። አለቃው ካልመለሰ፣ በሠራተኛ ሚኒስቴር ሥር ያለው የሥራ ደኅንነት ተቆጣጣሪ ክፍል ለዚህ የተቋቋመ ነው፤ ደብዳቤ የሚጽፍ፣ ስልክ የሚደውል ልጅ በየቤቱ አለ።

በየማታናሱ የሚሠሩ የማኅበረሰብ አስተባባሪዎችም አንድ ነገር ማድረግ ይችላሉ። የሥራ ደኅንነት ትምህርት በአማርኛና በትግርኛ እንዲሰጥ ከቀጣሪዎች ጋር ይነጋገሩ። ማስተማሪያው በሥዕልና በእጅ ማሳየት ይሁን፤ የሚሽታህ አከፋፈት በወረቀት ከሚነበብ ይልቅ አንዴ ቆሞ ቢታይ ይሻላል። አስተማሪው ከማኅበረሰቡ የወጣ፣ ሥራውን ለዓመታት የሠራ ሰው ቢሆን ደግሞ ልጆቹ ሳያፍሩ ይጠይቁታል።

የፀሐይ ሥራ ጥሩ እንጀራ ነው። ከማራገፍ የጀመረ ልጅ ነገ ሰቃይ፣ ከነገ ወዲያ ተምሮ የኤሌክትሪክ ባለሙያ፣ ራሱም ካብላን ሊሆን ይችላል። ይህ የሚሆነው ግን የመጀመሪያዎቹን ወራት ወገቡም ጣቱም ደኅና ሆኖ ካለፈ ነው። በእነዚያ ወራት አለቃው ፍጥነቱን ይቆጥርበታል። ደኅንነቱን የሚቆጥርለት ቤቱ ነው፤ በቤቱ ደግሞ መጀመሪያ የመናገር መብት ያለው ሽማግሌው ነው።